ያለ ቃል የተቀበረችው እናቴ

እኛ ቤተሰብ ውስጥ ሰው የሚቀበረው ቃሉ ከተነገረ በኋላ ነው። ወጉ ከእምነታችን ይቀድማል። ካቶሊክነቱን ያመጡልን አያቴ ናቸው፤ ወጉ ግን ከአያቴ አያትም በፊት ነበረ ይባላል። ሟች በመጨረሻ የተናገረውን፣ አጠገቡ የነበረው ሰው ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቆሞ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ለተሰበሰበው ዘመድ ይናገራል። ቃሉ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። አያቴ ራሳቸው ሲሞቱ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ነበር ያሉት። ልጆቻቸው በዚህች ነገር ስንት ዘመን ተከራከሩ መሰላችሁ። ትልቁ አጎቴ «ከባዳ ጋር አትዋዋሉ ማለታቸው ነው» ብለው የሱቅ ሸሪካቸውን አሰናበቱ። ሌላው አጎቴ ደግሞ «ሰውየው በርዷቸው ነው፣ በቃ» ይላሉ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ቢሆንም ቃል ነው፤ ዘመድ ሁሉ ተካፍሎታል፣ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል።

እኔ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ደግሞም ቄስ ነኝ። በቁምስናችን፣ በአጥቢያችን ማለት ነው፣ ከእኔ ሌላ ቄስ የለም። እነዚህ ነገሮች አንድ ቀን ሊጋጩ እንደሚችሉ ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ሰው የራሱ እናት የምትሞት አይመስለውም።

ከእኔ ቀጥላ እህቴ አለች። ሳታገባ ከእናቴ ጋር የኖረች፣ ምላሷ ስለታም፣ እጇ ለጋስ የሆነች ሴት ነች። የመጨረሻው ወንድማችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከሁላችንም ረዥም ቢሆንም ቤት ውስጥ «ትንሹ» እንለዋለን። ትንሹ ታዲያ የመጀመሪያ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ወደደ። ሰውየው በሕይወት አለ፤ የት እንዳለ ግን እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። በእኛ ሰዎች ልማድ፣ ጥሎ የሄደ ሄደ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ይቺ ልጅ ነፃ ነች» ብለው ፈረዱ፣ መረቁም። የጳጳሱ ፍርድ ቤት ግን ነገሩን መርምሮ የመጀመሪያው ጋብቻ የጸና ነው አለ። ሽማግሌዎቹ የፈቱትን ቤተ ክርስቲያን አልፈታችም። ስለዚህ የገዛ ወንድሜን ማጋባት አልቻልኩም።

እኔ ይህን በዝቅተኛ ድምፅ ነገርኩት። «እሺ ጋሼ፣ አንተ ምን ታደርግ» አለኝ። ዓለም ሁሉ አባ ሲለኝ ጋሼ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። እናቴ ግን በከፍተኛ ድምፅ ነገረችው። ከጳጳሱ በላይ ጳጳስ ነበረች፤ ስብከቴ ሲረዝም ከፊት ወንበር ሆና ጉሮሮዋን የምትጠርግ ሴት። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ይቺን ሴት ይዘህ ይህን ደጅ ከረገጥክ ልጄ አይደለህም» አለችው። ሴትየዋን ያዘ፤ ደጁን ተወ። ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስሙን ያነሳችበትን ቀን አላስታውስም።

የሞተችው በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ታማ ሰንብታ ነበር። እህቴ ደውላ «ና፣ ቶሎ» አለችኝ። ለትንሹም ደውላለታለች። ስደርስ እናቴ ትራስ ደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አንሷል። ልስማት ጎንበስ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«ልጄን አይደለም የጠራሁት፣ ቄሱን ነው» አለች።

«ሌላ ቄስ ላምጣልሽ፣ እማ?»

«እሱ እስኪመጣ እኔን ማን ያቆየኛል?»

ልክ ነበረች። ቅርብ የሚባለው ቄስ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። በእኛ ዘንድ እናት ነውሯን ለልጇ አትገልጥም፤ ልጅ የእናቱን ጥፋት ከሰማ ጆሮው ይቀሰፋል የሚሉም አሉ። ምን ያህል እንደከበዳት አውቃለሁ። እህቴን ወደ ኩሽና አስወጣች፣ በሩን አስዘጋች፣ ከዚያ «ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እንዳንተያይ» አለችኝ። አዞርኩት። ሐምራዊውን የንስሐ ጨርቅ አንገቴ ላይ አደረግኩና የተላጠ ቀለም እያየሁ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ለእናንተም አልነግርም። ሆድ ይፍጀው። ይህን ያህል ብቻ ልበል፦ ረዥም ሰዓት ተናገረች። ፈታኋት፣ ቅዱሱን ዘይት ቀባኋት። ጨርቁን ሳላወልቅ ጫፉን ይዛ መናገሯን ቀጠለች። እጇ ሲላላ ቃሏም አብሮ አለቀ።

«ከንስሐው በኋላ ያለችውስ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ። በሩ ዝግ ነው፣ ጨርቁ አንገቴ ላይ ነው፣ እሷም «አሁን ደግሞ ልጄ ሁን» አላለችኝም። ቃሏን ንስሐው ውስጥ ያስቀመጠችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ አላውቅም። እኔን የሚያናዝዙኝን ሽማግሌ ቄስ በኋላ ስጠይቃቸው «ከተጠራጠርክ ዝም በል» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ትንሹ የደረሰው ሬሳው ከታጠበ በኋላ ነው። የሥራ መኪናውን ይዞ ነበር የመጣው፤ ኋላዋ ላይ የቧንቧ ቁራጮች ይንኳኳሉ። ሚስቱ ከመኪናው ለመውረድ ፈራች። እሱ ወርዶ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ያን ደጅ ለመርገጥ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል። ወጥቼ እጁን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ስሜን ጠርታለች?» አለኝ። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«እሱንማ መንገደኛውም ይለኛል። ይቅር ብላኛለች ወይ ነው የምልህ።»

ዝም አልኩ። ገና ዘመድ ስላልተሰበሰበ ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ራሱን ነቅንቆ ገባ። ሚስቱም ተከትላው ገብታ፣ በር አጠገብ ካለችው ወንበር ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

ከመቀበሯ በፊት ቤቱ ሞላ። ሰው እያለቀሰ እህቴ አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ ትንሹን ያቅፋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እጄን ይስምና ያልፋል። ቄስ ሐዘንተኛ አይመስልም። ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ትልቁ አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«በል እንግዲህ፣ አጠገቧ የነበርከው አንተ ነህ። ቃሏን ስጠን።»

«እናታችን ንስሐ ገብታ፣ ተቀብታ ነው የሞተችው» አልኩ። «ያለችው በንስሐ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ነው።»

አጎቴ በትዕግሥት አዩኝ። «ኃጢአቷን ማን ጠየቀህ? እሱ የእሷና የእግዜር ነው። የእኛን ስጠን።»

«ልሰጥ አልችልም፣ አጎቴ።»

«ሳትናገር ነው የሞተችው?»

«አልተናገረችም» ብል ውሸት ነው። «ተናግራለች» ብል ምን አለች ይከተላል። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። ትንሹ ሳጥኑ ራስጌ ቆሞ እኔን ብቻ ያያል፤ ዓይኑ የተማሪ ዓይን ነው፣ ውጤት የሚጠብቅ።

እህቴ ክንዴን ጎትታ ኩሽና አስገባችኝ። «ስማኝ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «ወጥተህ ‹ልጆቼ ተባረኩ› ብላለች በል። ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ምላስህ አይቆረጥም።»

«አልችልም።»

«እሱ ልጅ ካልሰማ አይኖርም። አየኸው?»

«አየሁት።»

«አንተ እኮ ድንጋይ ነህ» አለችና እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ድሮም እሷን ነበር የምትመስለው።»

ሳጥኑ ተዘጋ። እኔው ራሴ ቀድሼ ቀበርኳት። ከመቃብር ስንመለስ ትልቁ አጎቴ ወደ ልቅሶው ቤት አልገቡም። «ያለ ቃል የተቀበረ ሰው በዘመዴ አላየሁም» ብለው ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ። ብዙዎቹ ተከተሏቸው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን በጥቂት ቀን ነቀዘ። ቅዳሴ የሚመጡት ዘመዶቼ እጄን መሳም አልተዉም፤ ዓይኔን ግን አያዩም። እህቴ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሳትሰናበተኝ ትወጣለች። ምሽት የቁምስናው ቤት ገብቼ አንዲቷን ብርጭቆዬን አጥባለሁ፣ ዳቦ በሻይ እበላለሁ፣ ከዚያ ቁጭ እላለሁ። እናቴን ላለቅስላት እፈልግ ነበር። ግን ባሰብኳት ቁጥር ያ የተላጠ ግድግዳና ድምፅዋ ይመጣሉ፤ እሱን ደግሞ ከማንም ጋር ማውራት አይቻልም። ከእናቴ ጋር ያሳለፍኩት የመጨረሻው ሰዓት የእኔ አይደለም። ለራሴም ቢሆን ላስበው የሚገባኝ አይመስለኝም ነበር።

ትንሹ አልሄደም። እናቴ ቤት ሰንብቶ የተበላሸውን ሁሉ መጠገን ያዘ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ኩሽና ውስጥ በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ከገንዳው ሥር ገብቶ አገኘሁት። ሚስቱ ወንበር አምጥታልኝ «ይቀመጡ አባ» ብላ ወጣች። ትንሹ «መፍቻውን» ሲለኝ አቀበልኩት። የቧንቧውን ጥርስ በነጩ ፕላስቲክ እየጠመጠመ ይሠራል። እንዲህ ስንሆን ደስ አለኝ፤ እሱም እንደ ድሮው ነው፣ የተቆጣ አይመስልም።

«ጋሼ» አለኝ ከገንዳው ሥር፣ «መናዘዣው ሳጥን ውስጥ የተባለ ነገር አይወጣም፣ አይደል?»

«አይወጣም።»

«አንተም አታወጣውም፣ ሰውየውም ካልፈለገ አያወጣውም።»

«ልክ ነህ።»

«ጥሩ ነው» አለና ቧንቧውን አጠበቀ። ለምን እንደጠየቀኝ ያኔ አልገባኝም። ወደ እምነቱ ሊመለስ ይሆናል ብዬ ተስፋ እንኳ አድርጌ ነበር፤ የዋህ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባለው የእንጨት መናዘዣ ሳጥን ተቀምጬ አናዝዛለሁ። የሚመጡት ያው ጥቂት አሮጊቶች ናቸው። ጥፋታቸውን ከራሳቸው ይልቅ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሲረሱ ላስታውሳቸው ይቃጣኛል። የዚያን ቅዳሜ ሦስተኛዋ ከወጣች በኋላ ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ። ከባድ ሰው ነው የተንበረከከው። በመካከላችን ባለው ወንፊት በኩል የማሽን ዘይትና የሳሙና ሽታ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«እሺ ወንድሜ። ጀምር።»

«አልናዘዝም። አሁን ግን ውስጥ ነን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስቤበታለሁ። እሷ የነገረችህ በንስሐ ነው፤ እኔም የምጠይቅህ በንስሐ ነው። ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ነው የሚሄደው፣ አንዲት ጠብታ ውጭ አይፈስም። እኔም እስክሞት ለማንም አልናገርም። ሚስቴም አትሰማም። አሁን ንገረኝ።»

እዚያ ጨለማ ውስጥ ልስቅም ላለቅስም ደረስኩ። ቀናትን ሙሉ ገንዳ ሥር ተኝቶ ይህንን ነው ሲገጣጥም የከረመው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው።

«እንዲያ አይደለም» አልኩት። «የእያንዳንዱ ሰው ንስሐ ለብቻው ነው። የአንዱ ወደ ሌላው አይቀጠልም።»

«ማን ያያል?»

«ማንም አያይም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያም አልችልም።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። «እሺ፣ አትናገር» አለ። «ይቅር ካለችኝ እንጨቱን አንኳኳ። አንዴ። ካላለችኝ ዝም በል፤ እቀበለዋለሁ፣ ወንድ ልጅ ነኝ።»

እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከተትኳቸው። አልቀልድም፤ እንደ ሕፃን ልጅ ተቀመጥኩባቸው። ምክንያቱም ዝም ብል «አላለችህም» ማለት ሆነ፤ ባንኳኳ «ብላሃለች» ማለት ሆነ። ሰው ዝም እንዳይል ተደርጎ ሲጠየቅ ምን ያድርግ?

«ዝምታዬን እንደ መልስ እንዳትወስደው» አልኩት። «ብትጠይቀኝም፣ አንኳኳ ብትለኝም፣ ብትለምነኝም አንድ ነኝ። ይቅር ብላህም ቢሆን፣ ይቅር ሳትልህም ቢሆን፣ የምልህ ይህንኑ ነው። ንስሐ መግባት ከፈለግክ ግን እሰማሃለሁ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። «ሚስቴን መውደዴን ነው?»

ተነሣ። ሳጥኑ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ቀጥላ የገባችው አሮጊት የልማዷን ስትነግረኝ ሰማሁ፤ ሰማሁ ማለት ይከብዳል።

ጨርሼ ስወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ትንሹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። ዕቃው ተጭኗል፤ ሚስቱ ጋቢና ውስጥ ነች። ሊሰናበተኝ ነበር የጠበቀኝ። ቀረብኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ» አለ። «አትናገር። አታንኳኳ። ፊትህን ብቻ ልየው። ከልጅነታችን ጀምሮ ፊትህን አነበዋለሁ፤ ነገር በዓይን ይገባል።» ከዚያም አገጬን በሻካራ ጣቶቹ ያዘና፣ ወደ ብርሃኑ አዞረኝ። «እማ ይቅር ብላኛለች?»

ፊቴ ምን እያለ እንደነበር አላውቅም። የራሴን ፊት ማዘዝ አልቻልኩም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዓይኔን ያስሳል። ያን ጊዜ አቀፍኩት። ፊቴን ትከሻው ላይ ደፍቼ፣ በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልወጣልኝ ለቅሶ ወጣልኝ። እሱም አለቀሰ። ረዥም ሰዓት እንዲያ ቆየን። ሚስቱ ዓይኗን ወደ መንገዱ አዞረች።

ሲለቀኝ ፊቱ ሌላ ሆኗል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንዲያ በርቶ አላየሁትም።

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ነገርከኝ እኮ።»

«ምንም አልነገርኩህም» አልኩት። ክንዱን ያዝኩት። «ስማኝ፣ አንዲት ነገር አልነገርኩህም።»

«እሺ፣ አልነገርከኝም» አለና በእንባው መካከል ሳቀ። መኪናውን አስነስቶ፣ የቧንቧ ቁራጮቹን እያንኳኳ ሄደ።

ለማንም አልናገርም ያለው ልጅ ለሁሉም ተናገረ። ደስታ ምሥጢር አያውቅም፤ አልፈርድበትም። ትልቁ አጎቴ ቁምስናው ድረስ መጥተው ትከሻዬን መቱኝ፤ «ብልህ ነህ፣ ሳትናገር ተናገርክ» አሉኝ። ቃሉ በዘመድ ሁሉ ዘንድ ተመዘገበ፦ እናቴ ትንሹን ይቅር ብላ ሞተች። እህቴ እንደገና ሾርባ በክዳን ሸፍና ትልክልኛለች። ዘመዶቼ ዓይኔን ያዩኛል፤ እንዲያውም አብዝተው ያዩኛል። ቅዳሜ ግን ከአሮጊቶቹ ሁለቱ መምጣት ተዉ። የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ሌላ ቄስ ዘንድ እንደሚናዘዙ ሰማሁ። «አባ በአፋቸው ባይናገሩም በሰውነታቸው ይናገራሉ» ይላሉ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ይህ እኔ ዘንድ የደረሰው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው።

ላስተባብል አልችልም። «ወንድሜ የተረዳው ከእኔ አይደለም» ብል፣ እናቱ ይቅር አላለችውም ማለቴ ይሆናል። ዝም ብል፣ ብላዋለች ማለቴ ነው። ምንም ብል ስለ እናቴ መናገር ነው። ስለዚህ እጄን አሳልማቸዋለሁ፣ ሾርባውን እጠጣለሁ፣ ቅዳሜ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጬ የሚመጣ ሰው እጠብቃለሁ። የሚያናዝዙኝ ሽማግሌ ቄስ «አልበደልክም፣ ተጽናና» አሉኝ። አልተጽናናሁም።

እውነቱ አንድ ነው፤ ማንንም አይነካም፣ ልናገረው እችላለሁ። ወንድሜን ያቀፍኩት መልስ ልሰጠው አይደለም። ፊቴን ለመሸሸግ ብቻ ነው ብልም እዋሻለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ሰው ሁሉ እጄን ሳመ እንጂ ያቀፈኝ አንድም አልነበረም። እናቴ ሞታብኝ ነበር፤ እሱም የእናቴ ልጅ ነው። በቃ ይኸው ነው።

ይህንን በቀደም ደውዬ ነገርኩት፣ ቃል በቃል፣ እንዳይሳሳት ቀስ ብዬ። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ገብቶኛል ጋሼ» አለኝ፤ እየሳቀ እንደሆነ ከድምፁ አወቅኩ። «ጥሩ አድርገህ አስበኸዋል። ለጠየቀህ ሰው ሁሉ እንደዚያ በል።»